ነጠላው በፀሐይ፣ ጫማው በምሽት

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደሴ መምህርት ናት። በያዝነው ጥቅምት ለአንድ ሐሙስ አዲስ አበባ ትመጣለች፤ አርብ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ትመለሳለች። ለአማቷ ነጠላ፣ ለራሷ ደግሞ ቆማ የምታስተምርበት ጫማ መግዛት ትፈልጋለች። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታ ሐብሏን በሌላ የመቀየር ሐሳብም አላት። ከዚያ አብረን እራት እንበላለን። አምናም እንዲሁ ተገናኝተን ነበር፤ ግን አልተሳካልንም። ቀድመን በላን፤ ስንወጣ ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል። በጥድፊያ የገዛችው ነጠላ ቤቷ ስትደርስ ቀለሙ ሌላ ሆነባት። እኔ ደግሞ የእራቱን ሂሳብ ሳታየኝ ከፍዬ ተቀየመችኝ። «ደመወዝሽ ስለበለጠ ነው?» ነው ያለችኝ። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የት ገብተን ምን እንደምንበላም ሁልጊዜ እንቸገራለን። ዘንድሮ እንዴት ላድርግ?»

የአራት ኪሎዋ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

አምና ምሽታችሁን ያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቅደም ተከተሉ ነው፤ የኋላው ከፊት ገባ። ሁለተኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ አስቀድሞ ሳይነገር ቀርቶ ሂሳቡ ሲመጣ ፈነዳ። ሁለቱም ከሐሙስ በፊት በስልክ የሚስተካከሉ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ወርቁን ከዕቅዱ አውጪው። ሐብል በሐብል መቀየር አንድ ግብይት ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ አሮጌውን ትሸጣለች፣ አዲሱን ትገዛለች። አሮጌው ሲመዘን ፈርጥ ካለበት የፈርጡ ክብደት ይቀነሳል፤ አዲሱ ላይ ደግሞ የእጅ ሥራ ዋጋ ይጨመራል። ካራቱም አለ። ባለ 18 ካራት ከ1000 እጅ 750ው፣ ባለ 21 ካራት ደግሞ 875ቱ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ መቆለፊያው አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል። የሷ 18 ሆኖ የምትወስደው 21 ከሆነ፣ ግራም በግራም እያሉ መደራደር ያሳስታል። ሁለት ሦስት ቤት ገብቶ የመግዣና የመሸጫ ዋጋቸውን ለየብቻ ጠይቆ፣ ጽፎ ወጥቶ፣ አስቦበት መመለስ ያስፈልጋል። ይህ የጠዋት ሥራ ነው። በዚያ ላይ እጃችሁ በዕቃ ተይዞ፣ በጨለማ ታክሲ እየጠበቃችሁ ወርቅ መያዝ ደግ አይደለም። ሐብሉን ደሴ ትታው ትምጣ።

አሁን ወደ ነጠላው። በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ለሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፈቃድ ጠይቂ። ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ፤ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ እዚያ ብትደርሱ አንድ ሙሉ ሰዓት የቀን ብርሃን ይኖራችኋል። በሥራ መውጫ ሰዓት፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለመሄድ ማሰብ ግን ዋጋ የለውም። መንገዱ ይጨናነቃል፤ ስትደርሱም ሻጩ ዕቃውን እያጣጠፈ ነው። ፈቃድ ካልተገኘ የሚሻለው፣ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ አንቺ ሄደሽ ሁለት ሦስት ነጠላ በፀሐይ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪላትና እሷ የመረጠችውን ብታስቀምጪላት ነው። መርካቶን ለማታ አታስቢው፤ እዚያ የቀን ገበያ ነው።

የአምናው ቀለም የተለወጠው ሻጩ አታልሏት ላይሆን ይችላል። የሱቅ ነጭ አምፖል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። አንዳንድ የክር ቀለም ደግሞ በአምፖልና በፀሐይ ፍጹም ሌላ ነው። ከሁሉ የሚያሳስቱት ጥቁር አረንጓዴ ከጥቁር፣ ወይን ጠጅ ከቡኒ፣ ጥቁር ሰማያዊ ከሐምራዊ ናቸው። ወርቀ ዘቦም እንዲሁ ነው፤ አምፖል ሥር ወርቅ የመሰለው ደጅ ሲወጣ ተራ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ጥለቱ ደስ ሲላት ነጠላውን ይዛ በር ላይ ትውጣ። ሻጩ ይህን ለምዶታል፤ ቅር አይለውም።

ደጅ ላይ ሳላችሁ የሚታይ ሌላም አለ። ነጠላውን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃኑ አንሡት። የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ ቦታ ቦታ ላይ ወፈር፣ ቦታ ቦታ ላይ ቀጠን ይላል። የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚገኘው ቁመቱን የሚሄደው ድሩ የፋብሪካ፣ አግድሙ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነው ነው፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ይበረታል እንጂ። ጉድለት የሚሆነው ጥጥ ነው ተብሎ ሰው ሠራሽ ክር ሲሸጥ ነው። ይህን የምትለዩት ከዘርፉ አንዲት ክር ለምናችሁ ክብሪት በመለኮስ ነው። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይሸበሸብና እንደ ዶቃ ይደርቃል። ክሯን ከነጠላው አርቃችሁ፣ ከሱቁም ወጥታችሁ ለኩሷት።

ቀጥሎ ሶፍት በውሃ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ያ ነጠላ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል፤ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። በተለይ ቀይና ጥቁር ጥለት ላይ ይህን ሳታደርጉ አትክፈሉ። ጥለቱን ገልብጣችሁም እዩት። በሸማኔ የተሠራ ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ስለሆነ ጀርባው ላይ ያው ቅርጽ ይነበባል። በማሽን የተጠለፈው ግን ጀርባው ላይ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ወይም የተዝረከረከ ክር ይታይበታል፤ ሲታጠብም ይኮማተራል። መሐል ላይ መጋጠሚያ ስፌት ካለው የግራና የቀኙ ጥለት መግጠሙን ተመልከቱ።

አንድ ነገር ደግሞ በስልክ ቀድመሽ ጠይቂያት፤ አማቷ ሙስሊም ናቸው ወይስ ክርስቲያን? ወሎ ላይ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ሊኖር ይችላልና አትገምቺ። ብዙ የጥለት ቅርጽ መስቀል አለበት። አንዳንዱም ከሩቅ ሐረግ መስሎ ቀረብ ብለው ሲያዩት መስቀል ነው። ለሙስሊም እናት ስጦታ ከሆነ ባለ መስመር፣ ባለ ሐረግ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን ጥለት ይመረጣል። በዕድሜ ለገፉ ሰው ደግሞ ስፋቱና ርዝመቱ ከጥለቱ ይበልጣል። ጓደኛሽ ራሷ ትከሻዋ ላይ ሙሉ ጣል አድርጋ፣ ራሷንም ሸፍና ትሞክረው። ለብርድ የሚሆን ከተፈለገ ነጠላ አያሞቅም፤ አራት እጥፍ የሆነውን ጋቢ ማየት ያስፈልጋል፤ ዋጋውም የአውቶቡስ ሻንጣውም ሌላ ይሆናል።

ድርድሩን ለሷ ተዪላት። ሁለት ወይም ሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቃችሁ እንጂ የመጀመሪያው ቤት ላይ አትደራደሩ። ሻጩ አለባበስሽን አይቶ ፊቱን ወደ አንቺ ቢያዞር «ገዢዋ እሷ ናት» በይውና አንድ እርምጃ ራቅ በይ። አፍሽ ላይ መምጣት የሌለበት ቃል አንድ ነው፤ «ርካሽ ነው» የሚለው። ላንቺ ርካሽ የሆነው ለሷ የወር አስቤዛ ሊሆን ይችላል፤ ድርድሯንም እዚያው ላይ ይሰብርባታል። ጥሬ ገንዘብ ትያዝ። ማታ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም ሊዘገይ ይችላል፤ «ገባ አልገባ» እያሉ መቆም ሰዓታችሁን ይበላዋል።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ ከሽሮ ሜዳ ውጡና ወደ ፒያሳ ውረዱ። ለምን ፒያሳ? ፀሐይ እንደጠለቀች የመግሪብ ሰላት ይደርሳል፤ ፒያሳ ደግሞ ኑር መስጊድ አለ። ጓደኛሽ የምትሰግድ ከሆነ ከጉዞው ሌላ ሃያ ደቂቃ ቀድመሽ መድቢላት እንጂ እሷ በመሐል አፍራ እንድትጠይቅሽ አታድርጊ። «12 ሰዓት ላይ ኑር መስጊድ በር ላይ እንሆናለን» ብለሽ በስልክ ስትነግሪያት አስበሽላት እንደነበር ታውቃለች። ዕቃውን አንቺ ጠብቂ።

የፒያሳ ገጽታ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እጅግ ተለውጧል። ብዙ የድሮ ሱቆች ቦታ ቀይረዋል፣ አንዳንዶቹም የሉም። «ያቺ አምና ያየናት ጫማ ቤት» ብላችሁ እንዳትንከራተቱ በዚያው ሳምንት ከሥራ ስትወጪ በእግርሽ አለፍ ብለሽ የት እንዳለች፣ ስንት ሰዓት እንደምትዘጋ አረጋግጪ። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወስደው መንገድ ላይም የቆዳ ውጤት የሚሸጡ ሱቆች መኖራቸውን ያኔውኑ እዪ።

ጫማው ለምሽት የተተወው አለምክንያት አይደለም። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ይውልና ወደ ማታ ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ተጉዛ፣ ሽሮ ሜዳን ዞራ ስለምትመጣ የምሽቱ እግሯ የሥራ ቀን እግሯ ነው። ለሥራ የምታደርገውን ካልሲ ይዛ ትምጣ። ሁለቱንም እግር ትሞክር፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፣ የሚገዛው በትልቁ ልክ ነው። ቆማ ከረጅሙ ጣቷ ፊት አንድ ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አሥር እርምጃ ትሂድበት። ተረከዟ ከጫማው እየወጣ ከገባ በሳምንቱ ይልጣታል። «ሲለበስ ይለቃል» የሚለውን በጥንቃቄ ስሙት፤ የቆዳ ጫማ ወርዱ ትንሽ ይሰፋል፣ ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ጣቷን ከነካት ያው ነው።

ቆዳ መሆኑን ለማወቅ የጫማውን አፍ ቆረጥ ያለበት ቦታ ተመልከቱ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ያለ፣ ጸጉር የመሰለ ነው። ሰው ሠራሹ ከላይ እንደ ላስቲክ የለሰለሰ ሽፋን፣ ከሥሩ ደግሞ ጨርቅ አለው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ቆዳ ዙሪያውን በስሱ ይሸበሸባል፤ ሌላው ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። ሶሉን ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እጠፉት። በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ከሆነ መጀመሪያ የሚላቀቀው እዚያ ነውና ስንጥቅ ካያችሁ መልሱት። ዙሪያውን የተሰፋ ሶል ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ለምትቆም መምህርት ግን ልዩነቱን ብትከፍል አይቆጫትም። ተረከዙ ከሦስት አራት ሳንቲሜትር አይብለጥ፤ ፍጹም ጠፍጣፋውም ለቆሞ ሥራ አይመከርም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ እሷ ሌሊት ትሄዳለች፣ ተመልሳ መቀየር አትችልም። «ባይሆን ጓደኛዬ ትቀይረዋለች» ብላ ትጠይቅና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀየር ደረሰኙ ላይ ይጻፍላት። ጫማው ካልተገኘ አይገዛ። ልኳን ይዘሽ ቆይተሽ ብትልኪላት፣ በጥድፊያ ከተገዛ የማይሆን ጫማ ይሻላል።

እራት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። በመሐል እንዳይርባችሁ ሽሮ ሜዳ ሳትወጡ አንድ ሳምቡሳ ወይም ቆሎ ቅመሱ፤ የራበው ሰው ድርድርም ትዕግሥትም የለውም።

የምግቡ ነገር እንደምታስቢው አስቸጋሪ አይደለም። የሚያለያያችሁ ሥጋው ብቻ ነው። ሙስሊም ቤት ብትገቡ እሷ ሥጋ ትበላለች፣ አንቺ አትበዪም፤ የክርስቲያን ቤት ብትገቡ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በሁለቱም ቤት ሳህናችሁ ይለያያል። ለአንድ ምሽት ተገናኝቶ በተለያየ ሳህን መብላት ያሳዝናል። ስለዚህ አንድ ትሪ ላይ የሚያገናኛችሁን ምረጡ፤ ዓሣና የጾም በያይነቱ። ለሁለት ሰው አንድ በያይነቱና አንድ ትልቅ የዓሣ ጥብስ ከበቂ በላይ ነው። ሙሉ ዓሣ ለመጥበስ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ እንደተቀመጣችሁ እሱን እዘዙ፤ ሎሚና ዳጣ አብሮ ይምጣ። አስተናጋጁን ሁለት ነገር ጠይቂው። ዓሣው የሚጠበሰው ሥጋ በሚጠበስበት ዘይት ነው ወይ? ሽሮው ቦዘና ነው ወይ? ቦዘና ሥጋ አለበት፤ ተራው ሽሮ ወይም ተጋቢኖ ይሁን። ሐሙስ የጾም ቀን ባለመሆኑ ለገበያውም ለእራቱም የተሻለ ቀን ነው። ረቡዕ ወይም አርብ ቢሆን ግን ዓሣ የማይበሉ ጿሚዎች አሉና ያን ጊዜ በያይነቱ ብቻ ይበቃ ነበር። መጠጥ ቤትነቱ የሚያመዝን ቦታ አትምረጪ፤ የጥቅምት ማታም ብርዱ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኝ ነውና በረንዳ ላይ ሳይሆን ውስጥ ተቀመጡ።

ቦታውን ስትመርጪ ቀደም ብለሽ ደውለሽ «ዋጋው ቫትን ይጨምራል?» ብለሽ ጠይቂ። ሜኑ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ቫት ያልገባበት ነው፤ ቫቱ 15 በመቶ ነው። አንዳንድ ቤቶች ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ሁለቱም ካሉ ሜኑ ላይ 1,000 ብር የሆነው ምግብ መጀመሪያ 1,100፣ ከዚያ ቫቱ ሲደመርበት 1,265 ብር ይሆናል። ጓደኛሽ ሜኑውን አይታ በልቧ ያሰላችው ሌላ፣ ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ሌላ ሆኖ እንዳትደነግጥ ነው።

አሁን ወደ ቅያሜው እንምጣ። እኛ አገር «እኔ ልክፈል»፣ «አይሆንም እኔ» ተባብሎ መታገል የፍቅር ነው። አንቺ ግን ትግሉን ዘለልሽው። ተደብቀሽ ስትከፍይ ጓደኛሽ ክብሯን የምታሳይበት ዕድል አላገኘችም፤ ስለዚህ ቸርነትሽን እንደ ምጽዋት አየችው። «ደመወዝሽ ስለበለጠ ነው?» ያለችው ስለ ብሩ አይደለም። ተማሪ እያላችሁ እኩል ነበራችሁ፤ አሁንም እኩል መሆናችሁን እየጠየቀችሽ ነበር።

መፍትሔው ግማሽ ግማሽ መክፈል አይመስለንም። እሷ የመጣችው ወደ አንቺ ከተማ ነውና እንግዳሽ ናት፤ እንግዳን ማብላት ደግሞ የማንም ደመወዝ የማይጠየቅበት ወግ ነው። ደሴ ስትሄጂ ተራው የሷ ይሆናል። ይህን ግን አፍ አውጥተሽ፣ ከመምጣቷ በፊት ንገሪያት፦ «ሐሙስ እራቱ የኔ ነው፣ እንግዳዬ ነሽ። ማኪያቶውና ኬኩ ያንቺ። ደሴ ስመጣ ደግሞ እራቱን ካንቺ እበላለሁ።» ከዚያ ቃልሽን ጠብቂ። እሷ ማኪያቶውን ስትከፍል እጅሽ ወደ ቦርሳሽ እንዳይሄድ፤ ለአስተናጋጁ ጉርሻ ላስቀምጥ ካለችም ታስቀምጥ። የደሴውንም ጉዞ ቀን ቁረጪለት፤ ካልሄድሽ ቃሉ ማባበያ ሆኖ ይቀራል።

ገበያ ላይም ይኸው ነው። ነጠላው ላይ ብር ቢያንሳት «እኔ ልሙላው» አትበያት። «ከወደድሽው ላስቀምጥልሽ፣ በሚመች ጊዜ በሰው እልክልሻለሁ» ብትያት ምርጫው በእጇ ይቀራል። ብድር ራሷ ከጠየቀችሽ ስጫት፤ መቼ እንደምትመልስ እሷ ትናገር እንጂ አንቺ «ግዴለም ተዪው» አትበይ። «ተዪው» መልሶ የአምናውን ያመጣል።

3 ሰዓት ሳይሞላ ከገበታ ተነሡ። ሌሊት ተነሥታ መናኸሪያ መድረስ አለባት። በሁለት እጅ ዕቃ ይዞ የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ከመቆም እዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ራይድ ወይም ፈረስ፣ ጥሩ፤ ሰሌዳውን አይታችሁ ነው የምትገቡት። ነጠላውን በፌስታል ጠቅልላ በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ እንጂ አውቶቡሱ ላይ ጣሪያ ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አታስገባው፤ አቧራና የሌላ ሰው ዘይት አይጠፋበትም። ለአማቷ ስትሰጥም ይህን ትንገራቸው፦ የመጀመሪያው እጥበት ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥለቱ ሳይታሽ ይሁን፤ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ ጥላ ላይ ይሰጣ።